ወረቀቱ ከልጁ አይበልጥም
በቤኤር ሼቫ፣ ራሞት ሰፈር፣ ለወላጆች ስለ ኦቲዝም ምርመራና ስለ ልዩ ትምህርት የተደረገ ንግግር



ሰዓቱ እንደመሸ እናውቃለን። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ ወደዚህ መጥታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ሕፃናትን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ ነው የወጣችሁት። ስለዚህ ነገር ሳናበዛ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። በንግግራችን የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ማታ እዚህ ራሞት የተሰበሰብነው ስለ አንድ ወረቀት ለመነጋገር ነው። ይህ ወረቀት በዕብራይስጥ «ኢቭሑን» ይባላል፤ በአማርኛ የምርመራ ውጤት ማለት ነው። ወላጆች ምክር ፈልገው ወደ ኮሚቴያችን ሲመጡ ብዙ ጊዜ ከቦርሳቸው የሚያወጡት ይህንኑ ወረቀት ነው። አንዳንዱ ታጥፎ ታጥፎ ሊቀደድ ደርሷል። ያነበበው ሰው ግን በቤት ውስጥ የለም።

የሁለት እናቶችን ነገር እናስቀድም። ሁለቱም ከኛው መካከል ናቸው፤ ስማቸውን አንጠራም።

አንደኛዋ ከልጇ ትምህርት ቤት ተጠርታ ሄደች። በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም በፈገግታ ተቀበሏት። በዕብራይስጥ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተናገሩ። እሷን የገባት «ልጅሽ እርዳታ ያስፈልገዋል» የሚለው ብቻ ነበር። እርዳታ ማን ይጠላል? ፈረመች። የበጋው ዕረፍት አልቆ ትምህርት ሲከፈት ልጇ ከጎረቤት ልጆች ጋር በእግሩ ይሄድበት የነበረው ትምህርት ቤት ቀረና በሚኒባስ ወደ ሌላ ሰፈር ይወሰድ ጀመር። ከጥቂት ወራት በፊት ወስዳው በነበረው ምርመራ «ዓል ሀሬጼፍ» ተብሎ እንደተጻፈበት፣ ይኸውም ኦቲዝም አለበት መባሉን ያወቀችው ታላቅ እህቱ ወረቀቱን ቁጭ ብላ ስታነብላት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ በሌላ ባለሙያ ዘንድ እንደገና ታየ። በሁለቱም ጆሮው በደንብ እንደማይሰማ ታወቀ። ከዚያ በፊት ጆሮውን የመረመረለት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛዋ እናት ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቶት አንድም ቃል አልወጣውም። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ የመኪናውን ጎማ ሲያሽከረክር ይውላል። አያቱ «የወንድ ልጅ አፍ ዘግይቶ ነው የሚፈታው» አሉ። አጎቱ «ሰው ዐይኑን ጥሎበት ነው» አለ። በቲፓት ሐላቭ ነርሷ ለምርመራ ስትልካት እናት ቀጠሮውን አልሄደችበትም። «ወረቀት ከወጣበት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ ነገም ለእህቶቹ ባል አይገኝም» ብላ ፈራች። ልጁ ሳይታከም፣ ሳይረዳ፣ ሰባት ዓመት ሞላው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልጅ ያልነበረው ነገር ተጻፈበት፤ ሁለተኛው ያለው ነገር ሳይጻፍለት ቀረ። ሁለቱም ተጎዱ። ዛሬ የምንናገረው ስለ ሁለቱም ነው። ስለ አንዱ ብቻ ብንናገር ግማሹን እውነት ደበቅን ማለት ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ልጁ ይዞት የሚወለደው የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። በዋናነት በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበት መንገድ ይለያል፤ በቃልም በምልክትም መነጋገር፣ ጨዋታን ከሌላ ልጅ ጋር መጋራት ይከብደዋል። ሁለተኛ፣ አንድን ነገር ይደጋግማል፣ ልማድ ሲለወጥበት ይጨነቃል፣ ድምፅ ወይም ብርሃን ወይም የልብስ ስፌት ከሌላው ሰው በላይ ሊረብሸው ይችላል። አንዱ ልጅ ከናካቴው አይናገርም፤ ሌላው ደግሞ ያለማቋረጥ ይናገራል፤ ሆኖም ጓደኛ ማፍራት አይችልበትም። ስለዚህ ነው «ሬጼፍ» የሚሉት፤ ከቀላል እስከ ከባድ የተዘረጋ ነገር ነው።

ከእናት ጡት ማነስ፣ ከቅጣት፣ ከእርግማን፣ ከቡዳ አይመጣም። ከክትባትም አይመጣም። በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ የታተመው የእንግሊዛዊው ሐኪም ጽሑፍ በ2010 ባሳተመው መጽሔት ራሱ ተሰርዟል። በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ በትምህርት ቤት ዕብራይስጥ መናገርም ኦቲዝምን አያመጣም። «ልጁ ግራ ስለሚጋባ በአማርኛ አታናግሩት» የሚል ምክር የሰጧችሁ ካሉ ምክሩን አትቀበሉ። እናት ልጇን በምታውቀው ቋንቋ ካላናገረችው በማን ቋንቋ ልታናግረው ነው?

ኦቲዝም የሚባሉት ልጆች ቁጥር በዓለም ሁሉ እጅግ ጨምሯል። በአሜሪካ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በ2000 ዓ.ም. ከስምንት ዓመት ልጆች መካከል ከ150 አንዱን ቆጥሮ ነበር፤ በ2022 ግን ከ31 አንዱን ቆጠረ። በእስራኤልም ቁጥሩ ከዓመት ዓመት አድጓል። ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። የበሽታ ዝርዝሩ ትርጉም ሰፍቷል፤ በ1994 ቀለል ያሉት ተጨመሩ፣ በ2013 ደግሞ ሁሉም በአንድ ስም ተጠቃለሉ። ሐኪሞችና ወላጆች ከድሮው የበለጠ ያውቃሉ። ቀድሞ «የአእምሮ ዝግመት» ይባል የነበረውም ልጅ ዛሬ ኦቲዝም ይባላል። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር አለ፤ በብዙ አገር፣ በዚህም አገር ጭምር፣ እርዳታ የሚከፈተው በወረቀቱ ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ወረፋ ይጠብቃል። ስለሆነም በድንበሩ ላይ ያለ ልጅ፣ ሊሆንም ላይሆንም የሚችለው፣ እርዳታ እንዲያገኝ ተብሎ ስሙ ይሰጠዋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ስሙን ይዞ የሚኖረው ግን ልጁ ነው።

መምህሯ የምታየውና እኛ የምናውቀው

ልጅን የሚመረምር ሰው ምን ያያል? ዐይን ለዐይን ያያል ወይ? ሲጠየቅ ይመልሳል ወይ? ሐሳቡን ይናገራል ወይ? እያስመሰለ ይጫወታል ወይ? በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት በአንዱ የኦቲዝም ምርመራ ውስጥ ለትንንሾቹ ልጆች ለአሻንጉሊት የልደት በዓል ማክበር የሚባል ጨዋታ አለ፤ ሻማ ማብራት፣ ኬክ መቁረጥ ነው።

እስቲ ይህን ከኛ ቤት አስተዳደግ ጋር እናስተያየው። በኛ ዘንድ ታላቁን ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ ምን ይባላል? «ዐይን አውጣ» ይባላል። ጨዋ ልጅ ዐይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ይላል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሲጠየቅም ባጭሩ ይመልሳል። ልደትስ? ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን በውል አናውቅም፤ በመታወቂያችን ላይ ያለው ቀን መጤዎችን የመዘገበው ጸሐፊ የሰጠን ነው። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ በመጡት ወገኖቻችን ቤት ያለ የአምስት ዓመት ልጅ በአሻንጉሊት ፊት ሻማ «እፍ» ሳይል ቢቀር የጎደለው አእምሮው ነው ወይስ ኬኩ?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት አለብን። ዐይኑን ለአያቱ አክብሮ የሚሰብር ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን ያያል፣ ይስቃል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው በቤትም በሜዳም ይታያል። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጁ በብዙ ቦታ ሲታይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ በማያውቀው ሰው ፊት፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ የታየ ልጅ ገና አልታየም።

ዝም የሚል ልጅም ሁሉ አንድ አይደለም። ጆሮው የማይሰማ ዝም ይላል። ዕብራይስጡ ያልደረሰለት ዝም ይላል፤ አዲስ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ ለወራት ሳይናገር መቆየቱ የተለመደ ነው። በክፍል የተሰደበ፣ በቆዳው ቀለም የተሾፈበት ዝም ይላል። በቤት ሐዘን ወይም ጠብ ያለበት ዝም ይላል። የነዚህ ሁሉ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

በልጆቻችን ፈተና የታየ ነገር

ልጆቻችንን በፈተና መለካት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ሕዝባችን ሲገባ በ36 ሰዓት ውስጥ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። ልጆች ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ፈተና ተሰጣቸው። ከነዚህ አንዱ ሬቨን የሚባለው፣ ከሥዕል መካከል የጎደለውን ቁራጭ የሚያስመርጥ ፈተና ነው። ልጆቻችን በመጀመሪያ ዙር ከአገሬው ልጆች እጅግ ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። በዚያ ውጤት ብቻ ቢፈረድ ኖሮ «አእምሯቸው አይደርስም» ተብሎ ይዘጋ ነበር።

በኢየሩሳሌም የነበሩት በሮማኒያ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሬኡቬን ፎየርሽታይን ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከሰሜን አፍሪካና ከጦርነቱ አውሮፓ የመጡ ልጆች በፈተና ወድቀው ሲጣሉ አይተው ነበር። የሳቸው ዘዴ ልጁን መፈተን፣ ቀጥሎ የፈተናውን አሠራር ማስተማር፣ ከዚያም እንደገና መፈተን ነው። የሚለካው ልጁ ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚማር ነው። በዚህ መንገድ የኛ ልጆች ሲፈተኑ፣ ከአጭር ጊዜ ትምህርት በኋላ በሁለተኛው ፈተና ውጤታቸው በብዙ ከፍ አለ፤ ከአገሬው ልጆች ጋር የነበረውም ልዩነት እጅግ ጠበበ። ሽሎሞ ካኒኤልና ዳቪድ ጹሪኤል የሚባሉት የእስራኤል ተመራማሪዎችም በ1990ዎቹ ይህንኑ ጽፈዋል። የልጆቻችን አእምሮ ያው አእምሮ ነው፤ በሁለቱ ፈተናዎች መካከል የተለወጠው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ ብቻ ነው። ፎየርሽታይን በ2014 አረፉ። ትምህርታቸው ግን ለኛ ወላጆች መሣሪያ ነው፤ «ልጄን ፈትናችሁታል፤ አስተምራችሁስ ፈትናችሁታል?» ብለን እንድንጠይቅ አስተምሮናል።

ከኛ በፊት የደረሰባቸው

ይህ ነገር በኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ወላጆች ልጆች በብዛት «በትምህርት ደካማ» ወደሚባሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይላኩ ነበር። በ1971 በርናርድ ኮርድ የሚባል የግሬናዳ ተወላጅ መምህር ነገሩን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አጋለጠ፤ ወላጆቹም ተደራጅተው የቅዳሜ ትምህርት ቤቶችን ከፈቱ። በካሊፎርኒያም ጥቁር ወላጆች መንግሥትን ከሰው በ1979 አሸነፉ፤ ዳኛው ጥቁር ልጆችን በአእምሮ መለኪያ ፈተና ወደ ደካሞች ክፍል መመደብ እንዲቆም ወሰነ። ሁለቱም ያሸነፉት ለብቻቸው ያለቀሱ ጊዜ አይደለም፤ አብረው የጠየቁ ጊዜ ነው።

ሌላ ምሳሌ ደግሞ እንጨምር፤ ወደ ሌላው ወገን ያጋደለ ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የሶማሌ እናቶች «በልጆቻችን ላይ ኦቲዝም በዛ» ብለው ጮኹ። ጥናቱ በ2013 ሲወጣ ከሶማሌ ልጆች ከ32 አንዱ፣ ከነጮቹ ከ36 አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን ያህል አይራራቅም። ሆኖም ኦቲዝም ካለባቸው የሶማሌ ልጆች መካከል የአእምሮ እድገት ችግርም ያለባቸው በብዙ ይበልጡ ነበር። እንግዲህ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው የክብደቱ ነገር ሆኖ ተገኘ።

የተደበቀው ልጅ

አሁን ወደ ሁለተኛዋ እናት እንመለስ። በ2004 የእስራኤል ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በምርመራ መዝገብ ሲፈልጉ ከኢትዮጵያ ተወልደው ከመጡት ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለበት አንድም ልጅ አላገኙም፤ እዚህ ከተወለዱት የኛው ልጆች መካከል ግን አገኙ። ይህን የሰማ ሰው «በአገራችን ኦቲዝም አልነበረም» ሊል ይችላል። እኛ ግን እንደዚያ አንልም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚባሉ እናት ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጣውን ወላጅ ቁጥር ማዕከሉ ማስተናገድ አቃተው፤ ወረፋው ረዘመ። ልጆቹ ድሮም ነበሩ። በጓዳ ተዘግተው፣ አንዳንዶቹም ታስረው ነበር። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 አረፉ፤ ልጃቸውን ይዘው በአደባባይ መቆማቸው ግን ለብዙ እናቶች አፍ ሆነ።

ከራሞት ኮረብታ ወርደን ሶሮካ ሆስፒታልና ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ጎን ለጎን ቆመው እናገኛለን። ሁለቱ በጋራ የሚሠሩበት አዝሪኤሊ የሚባል የአገር አቀፍ የኦቲዝም ምርምር ማዕከል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የዚህ ማዕከል ተመራማሪዎች በ2022 ያሳተሙት ጥናት እያንዳንዳችን ልናውቀው ይገባል። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው የታወቁ ልጆች፣ ዘግይተው ከታወቁት ይልቅ ከሰው ጋር በመግባባት በኩል የመሻሻል ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ያህል የበለጠ ሆነ። በኔጌቭ ጎረቤቶቻችን በሆኑት በቤዱዊኖች ዘንድም ከአይሁድ ልጆች ያነሱ ይመረመራሉ፤ የሚመረመሩትም ችግሩ የከበደባቸው ናቸው። ቀላሉ ሳይታይ ይቀራል ማለት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ኦቲዝምን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ባይኖርም ልጁን የሚያስተምር፣ አፉን የሚያፍታታ፣ ለእናት እረፍት የሚሰጥ ሥራ ግን አለ። ስለዚህ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙን ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ፣ በዓመት ከመንፈቁ በጣቱ የሚፈልገውን የማያሳይ ከሆነ፣ ያወቃቸውን ቃላት መልሶ ከረሳ፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ቲፓት ሐላቭ ወይም ወደ ኩፓት ሖሊም ሂዱ። ከሁሉ በፊት ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ።

ሕጉ ምን ይሰጠናል?

ወገኖቻችን፤ ብዙ ጊዜ የምንጎዳው ሕጉ ስለሌለ ሳይሆን ስለማናውቀው ነው።

አንደኛ፣ «ኦቲዝም አለበት» ማለት የሚችለው ማን ነው? መምህሯ አይደለችም፤ ጋነኔቷም፣ ዮዔጼቷም አይደሉም። በዚህ አገር ደንብ ሁለት ሰዎች መስማማት አለባቸው። አንዱ ሐኪም ነው፤ የልጆች ነርቭ ወይም የልጆች እድገት ወይም የልጆች አእምሮ ሐኪም። ሌላው በዚህ የሠለጠነ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነው። መምህሯ ያየችውን መናገሯ መልካም ነው፤ እሱ ጥርጣሬ እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ የልዩ ትምህርት ሕግ በ1988 ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ተሻሻለ። ዛሬ ልጁ የልዩ ትምህርት እርዳታ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የሚወስነው የመብትና የመለያ ኮሚቴ ነው፤ በዕብራይስጥ «ቫዓዳት ዝካኡት ቬኢፍዩን» ይባላል። ወላጅ በኮሚቴው ፊት ቀርቦ የመሰማት፣ ሰው ይዞ የመግባት፣ ለኮሚቴው የቀረበውን ጽሑፍ የማግኘት መብት አለው።

ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ኮሚቴው «ይገባዋል» ካለ በኋላ ልጁ የት እንደሚማር የሚመርጠው፣ በሕግ ከተለዩ ጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ወላጅ ነው። በመደበኛ ክፍል ከእርዳታ ጋር፣ ወይም በመደበኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ ልዩ ክፍል፣ ወይም በልዩ ትምህርት ቤት። ያቺ የመጀመሪያዋ እናት ይህን ብታውቅ ኖሮ ሚኒባሱ ልጇን አይወስደውም ነበር። በውሳኔው ቅር ለተሰኘ ወላጅም ይግባኝ አለ። ጊዜው ግን በሳምንታት የሚቆጠር አጭር ነው፤ ደብዳቤው በመሳቢያ ከተቀመጠ ጊዜው ያልፋል።

አራተኛ፣ የ2000 የተማሪዎች መብት ሕግ ልጅን በዘሩ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት በክፍል ምደባ ማበላለጥን ይከለክላል። ፍትሕ ሚኒስቴርም በወቅቱ ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ቡድን በ2016 በኛ ማኅበረሰብ ላይ ስለሚደርሰው ዘረኝነት ሪፖርት ካቀረበ በኋላ አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አቋቁሟል።

አምስተኛ፣ ምርመራው እውነት ሲሆን የሚከተለው እርዳታ ነው። ከቢቱኣሕ ለኡሚ የልጅ አካል ጉዳት አበል፤ ከኩፓት ሖሊም እስከ 18 ዓመት በሳምንት ሦስት ሕክምና፣ ለምሳሌ የንግግርና የእጅ ሥራ ሕክምና፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ሳያዓት፣ ወይም ስምንት ያህል ልጆች ብቻ የሚማሩበት የቲቅሾሬት ክፍል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ የልጁ መብት ነው። የሚያሳዝነው ግን ወረቀቱ ወጥቶባቸው ሕክምናው ያልጀመረላቸው ልጆች መኖራቸው ነው። ስሙን ተሸክመው እርዳታውን አላገኙም። እንዲህ ያለው ወረቀት ምን ይጠቅማል?

ከመፈረማችን በፊት

ስለዚህ ማናችንም ከመፈረማችን በፊት እነዚህን ነገሮች እንድንጠይቅ ተስማምተን እንውጣ።

«ይህን ወረቀት በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው አምጡልኝ።» በጤና አገልግሎት ውስጥ ለሕመምተኛ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ግዴታ መሆኑን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ደንግጓል። አስተርጓሚው ልጃችሁ አይሁን። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያስተረጉም አይገባም፤ ለሱም ሸክም ነው፣ ነገሩም ይዛባል።

«ጆሮውና ዐይኑ ተመርምሯል?»

«የተመረመረው በየትኛው ቋንቋ ነው? በቤት ሲጫወት ያየው አለ? ስለ ቤቱ እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«ሌላ ምክንያት ሊሆን አይችልም? ቋንቋው ነው? ክፍሉ ነው? የደረሰበት ነገር አለ?»

«ይህ ስም ከተሰጠው በሚመጣው ወር ምን ያገኛል? በሳምንት ስንት ሰዓት? ማን ይሰጠዋል?»

«እንደገና የሚታየው መቼ ነው?» ልጅ ያድጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ወረቀት ለአሥር ዓመት ልጅ ልብስ ሊሆን አይችልም።

መልሱ ካልገባችሁ «ቤት ወስጄ ላስብበት» ማለት ይቻላል። ይህ ድፍረት አይደለም፤ ማንም አይቆጣችሁም፤ ቢቆጣም ይቆጣ። ወደ ስብሰባው ብቻችሁን አትሂዱ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው። ከኮሚቴያችን አንድ ሰው፣ ወይም ዕብራይስጥ የሚያውቅ ዘመድ፣ ወይም በትምህርት ቤቱ ያለው የማኅበረሰባችን መጋሸር አብሮአችሁ ይግባ።

ለሁለተኛዋ እናት ዓይነት ወላጆችም አንድ ቃል አለን። እኛ ጎረቤቶቿ ነን ያስፈራናት። «ባል አይገኝም» ያልነው እኛው ነን። በሠርግ ላይ ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ «አሳድጉት» ብለን ፊታችንን ያዞርነው እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩን ከትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን እንጀምር። ቄሶቻችንና ሽማግሌዎቻችን በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት አንዲት ቃል ቢናገሩ፣ ይህ ልጅ የኛ ልጅ ነው ቢሉ፣ ከብዙ ሐኪም ምክር የበለጠ ይሰማል።

የምንጠይቀው

ከከተማውና ከትምህርት ሚኒስቴር የምንጠይቀው ግልጽ ነው። አማርኛና ትግርኛ የሚያውቁ የሥነ ልቡና ባለሙያዎችና የንግግር ሐኪሞች በቤኤር ሼቫ ይበርክቱ፤ የማኅበረሰባችን ወጣቶች ይህን ሙያ እንዲማሩ ይረዱ። ለኮሚቴ የሚጠራ ወላጅ ሁሉ ከስብሰባው አስቀድሞ ወረቀቱን በሚገባው ቋንቋ ያግኝ። በየትምህርት ቤቱ ስንት የኛ ልጆች ወደ ልዩ ትምህርት እንደሚላኩ፣ በምን ስም እንደሚላኩ ለወላጆች ይነገር። ልጅ ከመመደቡ በፊት በክፍሉ እርዳታ ይሰጠው፤ እርዳታው ይሞከር፤ ከዚያ በኋላ ይወሰን።

ከእናንተ ደግሞ የምንጠይቀው ቀላል ነው። ዛሬ ቤት ስትገቡ መሳቢያውን ክፈቱ። ያልተነበበ ወረቀት ካለ ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። ልጃችሁ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለውም ወረቀት ባይኖረውም ኑ፤ ቀጠሮውን አብረን እንይዛለን፤ ቀኑ ሲደርስም አብረናችሁ ሄደን እንቀመጣለን።

ያቺ የመጀመሪያዋ እናት ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ልጇ የጆሮ ማዳመጫ ተደርጎለት በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማራል። ሁለተኛዋም እዚህ አለች። ልጇ በቲቅሾሬት ክፍል ነው፤ በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ «እማ» ብሏታል። አንዷ ወረቀቱ ተነስቶላት፣ አንዷ ወረቀቱ ተሰጥቷት ደስ አላቸው። ሁለቱም ልጆች ከወረቀቱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ከወረቀቱም በኋላ የኛ ናቸው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን።